ስለ ወንዞች ንጽሕናና ስለ ከተሞች አቅም

የአንድ ከተማ ክብሩ በሕንጻው ቁመትና በአደባባዩ ስፋት ብቻ የሚመዘን አይደለም። የጠጣውንና የታጠበበትን ውሃ መልሶ ወዴት እንደሚሰደው ማወቁ፤ ያንንም በሚገባ ማሰናዳቱ ከክብሩ ወገን ይቈጠራል። ሰው ከቤቱ ጠርጎ ያወጣው ቆሻሻ ከዓይኑ በራቀ ጊዜ የጠፋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከላይኛው ሰፈር የተሰወረው በታችኛው ሰፈር ይገለጣል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። በላይ ያለው ሰው የጣለውን በታች ያለው ሰው ይቀዳዋልና፤ የወንዝ ንጽሕና ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የጎረቤት ጉዳይ ነው።

ይህ የጎረቤት ጉዳይ ሕግ በሆነ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ሕግ በአንድ ቀን ይጻፋል፤ ቧንቧ ግን በአንድ ቀን አይቀበርም። ሕጉ ለሀብታሙም ለድኻውም ከተማ አንድ ነው፤ የሁለቱ ግምጃ ቤት ግን አንድ አይደለም። እንግዲህ ሕጉ ሳይላላ፣ ከተማውም ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሳይሰበር፣ ወንዙ የሚነጻበት መንገድ ምንድር ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ሕዝብ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲደክምበት ስለ ኖረ፤ ያገኘውም ልምድ ለማንኛውም ከተማ አስተዳዳሪ ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ፤ ነገሩ ከሥሩ ተያይዞ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጣል። ዓመታቱ የተቈጠሩት በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ በምትባለው ከተማ መካከል አልፎ ወደ ኢሪ ሐይቅ የሚገባ ካያሆጋ የሚባል ወንዝ አለ። በ1969 ዓ.ም. ጁን 22 ቀን በዚህ ወንዝ ላይ ተንሳፎ የነበረው ዘይትና ጉድፍ እሳት ተያያዘበትና ወንዙ ነደደ። እሳቱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጠፋ፤ ነገር ግን በላዩ የተሠሩትን የባቡር ድልድዮች ጎዳ። ወንዙ ሲቃጠል ያን ጊዜ የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ1952 ዓ.ም. የደረሰው ቃጠሎ ከዚያ ይልቅ ብዙ ንብረት አጥፍቶ ነበር። የከተማው ከንቲባ ካርል ስቶክስ በማግሥቱ ጋዜጠኞችን ወደ ወንዙ ዳር ወስደው የጉዳቱን ምክንያት አሳዩ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ የክሊቭላንድ ሕዝብ ከቃጠሎው አንድ ዓመት አስቀድሞ በ1968 ዓ.ም. ወንዙን ለማንጻት 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር እንዲወሰድ በድምፁ ፈቅዶ ነበር። ከዚህ የሚታወቀው አንድ ከተማ ብቻውን በጎ ፈቃድ ቢኖረው እንኳ ሌሎቹ ሁሉ የሚገዙበት አንድ ሕግ ከሌለ ወንዝ እንደማይነጻ ነው።

እሳቱና እሱን የመሰሉት ሌሎች ጉዳቶች የሕዝቡን ልብ ስላነሣሡ፤ በ1970 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ የንጹሕ ውሃ አዋጅ የተባለው ታላቅ ሕግ ወጣ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወጪው እጅግ የበዛ ነው ብለው አዋጁን ሳይፈርሙ መለሱት፤ ነገር ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች ኦክቶበር 18 ቀን በበላይ ድምፅ አጸደቁት። የአዋጁ ዋና ትእዛዝ አጭር ነው፤ ፋብሪካም ሆነ ከተማ ያለ ፈቃድ ከቧንቧ ወይም ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ወደ ሐይቅና ወደ ባሕር ቆሻሻ አይልቀቅ የሚል ነው። ፈቃዱም ምን ያህል ሊለቀቅ እንደሚቻል፣ በምን መሣሪያ እንደሚለካ፣ ውጤቱም ለማን እንደሚነገር ይወስናል። ዘመኑ ከአምስት ዓመት አያልፍም፤ በአምስት ዓመቱ ተመርምሮ ይታደሳል። አብዛኞቹ ግዛቶች በዋናው መሥሪያ ቤት ጠባቂነት ፈቃዱን ራሳቸው ይሰጣሉ።

አዋጁ ትልቅ በረከት አስገኘ። በብዙ ከተሞች የማጣሪያ ጣቢያዎች ተሠሩ፤ ዓሣ የጠፋባቸው ብዙ ወንዞች ዓሣ መልሰው አገኙ። ለዚህም የረዳው መንግሥቱ ሕግ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም መስጠቱ ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ከማጣሪያ ጣቢያው ወጪ ከመቶ 75ቱን የማዕከላዊው መንግሥት ግምጃ ቤት ይከፍል ነበር። በኋላ ግን ስጦታው እየተቀነሰ ሄደ፤ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያም በስጦታው ፈንታ ተመላልሶ የሚበደር የብድር ገንዘብ እንዲተካ ተወሰነ። ብድር ደግሞ የሚከፈል ነው፤ የሚከፍለውም በየወሩ የውሃ ሒሳብ የሚቀርብለት የቤት ባለቤት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ እየበዛ ሲሄድ ሸክሙ ከመንግሥት ትከሻ ወደ ከተሜው ትከሻ ወረደ።

ትእዛዙ የበዛበት ምክንያት እንዲህ ነው። በሰሜን ምሥራቅና በታላላቆቹ ሐይቆች አጠገብ ያሉት የቆዩ ከተሞች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከመንገዳቸው በታች የቀበሩት አንድ ቧንቧ ብቻ ነው። በዚያ በአንዱ ቧንቧ የቤቱ ፍሳሽና የሰማዩ ዝናብ ተቀላቅለው ይሄዳሉ። በበጋ ሁሉም ወደ ማጣሪያው ይደርሳል፤ ከባድ ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን ቧንቧው ሞልቶ የተረፈው ሳይጣራ በጎን በተሠራለት መውጫ ወደ ወንዝ ይፈስሳል። እንዲህ ያለ ቧንቧ ያላቸው ከተሞች በመላ አሜሪካ ወደ 700 ይጠጋሉ። የፍሳሹንና የዝናቡን ቧንቧ ለየብቻ ያደረጉትም ከተሞች ቢሆኑ ከችግር አላመለጡም፤ ያረጀው የፍሳሽ ቧንቧ ተሰንጥቆ የከርሰ ምድርና የዝናብ ውሃ ስለሚገባበት እርሱም ይሞላል። ከመንገድና ከጣሪያ የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ የመኪና ዘይትና የብረት ብናኝ፣ የከብትና የውሻ እዳሪ ይዞ ወደ ወንዝ ይገባል። ከማጣሪያው በሚወጣው ውሃም ውስጥ የሚቀረው ናይትሮጂንና ፎስፎረስ በሐይቅ ላይ አረንጓዴ አረምን አብዝቶ ዓሣውን ያፍናል።

ለእነዚህ ለአራቱ ጉዳቶች አራት ዓይነት ትእዛዝ በልዩ ልዩ ዘመን ወጣ። የጎርፉ ትእዛዝ በ1990 ለትልልቆቹ ከተሞች፣ በ1999 ለትንንሾቹ ተሰጠ፤ ቅልቅሉን ቧንቧ የሚመለከተው መመሪያ በ1994 ወጣ፤ የቀሩትም እንዲሁ በየራሳቸው ጊዜ መጡ። እያንዳንዱም ትእዛዝ የራሱ ሹም፣ የራሱ መዝገብና የራሱ ቀነ ገደብ ነበረው።

ነገሩ በምሳሌ ሲነገር እንዲህ ነው። አንድ መጠነኛ ሀብት ያለው ሽማግሌ ነበሩ። የቤታቸው ጣሪያ ያፈሳል፤ አጥራቸው ፈርሶ ከብታቸው የሰው እህል ይበላል፤ የጉድጓዳቸው አፍ ተከፍቶ ልጅ ሊገባበት ይችላል። አንዱ ጎረቤት በአጥሩ ከሰሳቸው፤ ሁለተኛው በጉድጓዱ፤ ሚስታቸውም ስለ ጣሪያው ለዘመድ አቤት አሉ። ሦስቱ ዳኞች ሳይነጋገሩ ሁሉም ለፋሲካ ጨርስ ብለው ፈረዱባቸው። እያንዳንዱ ፍርድ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሽማግሌው ግን ያላቸውን ገንዘብ በሦስት ቢከፍሉት አንዱንም ሥራ የሚፈጽም አልሆነም፤ ፋሲካም በደረሰ ጊዜ ጣሪያው እኩሉ፣ አጥሩ እኩሉ ሆኖ የጉድጓዱ አፍ እንደ ተከፈተ ቀረ። ሁሉን አባሮ አንድ አይዝም ማለት ይህ ነው። ሦስቱ ዳኞች በአንድነት ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ጉድጓዱን ክደን፣ ከዚያ አጥሩን እጠር፣ ከዚያም ጣሪያውን ክደን ብለው ሦስቱንም በተራ ባስፈጸሟቸው ነበር።

በአሜሪካም የከተሞች ከንቲባዎች ይህንኑ አቤቱታ ለብዙ ጊዜ ሲያሰሙ ከቆዩ በኋላ፤ የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በ2012 ዓ.ም. በጁን ወር የተቀናጀ ዕቅድ የሚባለውን መመሪያ አወጣ። በዚህ መመሪያ መሠረት ከተማው የፍሳሹንና የጎርፉን ግዴታ ሁሉ በአንድ መዝገብ አግብቶ፤ ለሕዝብ ጤናና ለወንዙ ይልቅ የሚጠቅመውን ሥራ አስቀድሞ፤ የቀረውን በተራ አሰልፎ ሊያቀርብ ይችላል። ግድ የሚል ግን አይደለም፤ የሚፈልግ ከተማ በፈቃዱ የሚገባበት ነው። ዕቅዱም ስድስት ነገር እንዲይዝ ተወስኗል። አንደኛ፤ በውሃውና በሰው ጤና ላይ ያለው ጉዳትና የሚያዘው ሕግ ይገለጥ። ሁለተኛ፤ ያሉት ቧንቧዎችና ማጣሪያዎች በምን ሁኔታ እንዳሉ ይመርመር። ሦስተኛ፤ ሕዝቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይማከር። አራተኛ፤ ልዩ ልዩ የሥራ መንገዶች ከወጪያቸውና ከጥቅማቸው ጋራ ተመዝነው፤ የተመረጡት ከነጊዜያቸው ይጻፉ። አምስተኛ፤ ውጤቱ የሚለካበት መንገድ ይወሰን። ስድስተኛ፤ አዲስ ነገር በታወቀ ጊዜ ዕቅዱ የሚታረምበት ሥርዓት ይኑር።

ይህ በወረቀት ላይ ያማረ ነገር በሥራ እንዴት እንደ ሆነ ለማየት በዋሽንግተን ግዛት ያለችው የሲያትል ከተማ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማይቱ ከቅልቅሉ ቧንቧ የሚፈስሰውን ለማስቀረት በ2013 ዓ.ም. በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ገባች፤ ስምምነቱም የተቀናጀ ዕቅድ እንድታቀርብ ፈቀደላት። መሐንዲሶቿ ጉዳዩን ሲመረምሩ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ትንሽ የሚያፈስሱ መውጫዎች እንዳሉ አገኙ፤ እነርሱን ለመዝጋት ከመሬት በታች ትልልቅ ማጠራቀሚያ መሥራት ያስፈልግ ነበር። ከየመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ ግን ዝናብ በጣለ ቍጥር ያለ ማቋረጥ ቆሻሻ ወደ ወንዝ ያገባል። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ባቀረበችው ዕቅድ ከትንንሾቹ መውጫዎች አንዳንዶቹን ወደ ኋላ አዘግይታ፤ ታላላቆቹን መንገዶች በመኪና አብዝቶ መጥረግን፣ ጎርፉ በዕፅዋትና በአፈር ውስጥ እያለፈ እንዲጣራ ማድረግን፣ በዱዋሚሽ ወንዝ አጠገብም የጎርፍ ማጣሪያ መሥራትን አስቀደመች። ይህ የተፈቀደላት ግን በቃል ብቻ አይደለም፤ ያስቀደመችው ሥራ ካዘገየችው ሥራ ይልቅ ብዙ ቆሻሻ እንደሚያስቀር በሒሳብ አስረድታ ነው። እንግዲህ ከታላቅ ማጠራቀሚያ ይልቅ መጥረጊያ የሚበልጥበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ ይታወቃል።

የኦሃዮ ዋና ከተማ ኮሎምበስ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ዕቅዷ በከባድ ዝናብ ጊዜ የሚሞላውን ፍሳሽ ለመቀበል ከከተማው በታች ትልልቅ ዋሻዎችን መቈፈር ነበር። እንዲህ ያለው ዋሻ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ሞልቶ የቀረውን ጊዜ ባዶውን የሚቀመጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግን ከተማይቱ ውሃውን ከገባ በኋላ ከማጠራቀም መጀመሪያውኑ እንዳይገባ መከልከል ይሻላል ብላ ዕቅዷን ለወጠች። ከየቤቱ ወደ መንገድ የሚሄደውን የተሰነጠቀ ቧንቧ ከውስጥ መለበድ፣ የጣሪያን ውሃ ከቤቱ አርቆ ማፍሰስ፣ ከቤት በታች ለሚጠራቀመው ውሃ መሳቢያ ሞተር መስጠት፣ በየመንገዱም ዳር ዝናቡ የሚሰርግባቸውን አትክልቶች መትከል፤ እነዚህ አራቱ ዋና ሥራዎቿ ሆኑ። የግዛቱም መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ዕቅዱን ተቀበለ። ዋሻ ከመሬት በታች ተሰውሮ ይቀራል፤ ይህኛው ሥራ ግን በሰፈሩ ላይ ስለሚታይ፤ ሕዝቡ የከፈለው ገንዘብ ምን እንደ ሠራ በዓይኑ ያያል።

ዕቅድ ቢያምርም በፈቃድ ወረቀት ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ ካልታሰረ ምኞት ሆኖ ይቀራል። ችግሩም ፈቃዱ የአምስት ዓመት ሲሆን ሥራው የሃያ ዓመት መሆኑ ነበር። ስለዚህ በ2019 ዓ.ም. ጃንዋሪ 14 ቀን የወጣው ሕግ የተቀናጀውን ዕቅድ በራሱ በአዋጁ ውስጥ አስገባው። በዚህ ሕግ መሠረት ከተማው የሚለቀው የፍሳሽና የጎርፍ ፈቃድ ዕቅዱን ሊይዝ ይችላል፤ የግዛቱ የውሃ ጥራት ሥርዓት ከፈቀደም የሥራው ጊዜ ከአንድ ፈቃድ ዘመን ሊያልፍ ይችላል። ለከተሞች ምክርና እርዳታ የሚሰጥ አንድ አማላጅ ሹም በዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲኖርም ታዘዘ። ሕጉ ግን ጊዜን አሰናዳ እንጂ ግዴታን አልሻረም፤ ወንዙ ሊደርስበት የሚገባው የንጽሕና ልክ እንዳለ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ በስተኋላ ያለው ከባዱ ነገር የድኻው ሒሳብ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1997 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የፍሳሹ ወጪ ከመካከለኛው ቤተሰብ የዓመት ገቢ ከመቶ ሁለት የበለጠ እንደ ሆነ ከባድ ሸክም ነው ተብሎ ይቈጠር ነበር። ነገር ግን መካከለኛው ሰው ሁሉን ሰው አይወክልም። ለመካከለኛው ቤተሰብ ከመቶ ሁለት የሆነው ወጪ በጡረታ ለምትኖር ባልቴት ከመቶ አምስት ወይም ስድስት ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧው ለሁለቱም አንድ ነውና። ይህ ነቀፋ ብዙ ጊዜ ከተሰማ በኋላ በ2023 ዓ.ም. በወጣው አዲስ መመሪያ የዝቅተኛዎቹ ቤተሰቦች ገቢ ለብቻው እንዲታይ ተደረገ። መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ድኻው የሚኖረው ብዙ ጊዜ በታችኛው ሰፈር፣ በወንዙ ዳር ስለ ሆነ፤ የሥራው መዘግየት የሚጎዳውም ደግሞ እርሱኑ ነው። ሒሳቡ ቢከብድ እርሱ ይከፍላል፤ ሥራው ቢዘገይ የእርሱ ልጅ ይታመማል። ዕቅድ አውጪ ሹም ሁለቱን ሚዛኖች በአንድ ዓይን ማየት ያለበት ስለዚህ ነው።

የተቀናጀውን ዕቅድ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ ነቀፋቸውም የሚናቅ አይደለም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ሰነፍ ሰው ለስንፍናው መሸሸጊያ ያደርገዋል ይላሉ። የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ከተማይቱ የማጣሪያዋን፣ የቅልቅል ቧንቧዋንና የጎርፏን ግዴታ በአንድ ፈቃድ አድርጋ በ2018 ዓ.ም. ተቀበለች፤ በጄምስ ወንዝ ላይ የሚደረገውም ሥራ በአንድነት እንዲታይ ሆነ። የግዛቱ የሕግ ምክር ቤት ግን በ2020 ዓ.ም. ያለ መጨረሻ ቀን የሚሠራ ሥራ አይበቃም በማለት፤ የቅልቅሉ ቧንቧ ጉዳይ እስከ 2035 ዓ.ም. ጁላይ 1 ቀን እንዲፈጸም በሕግ አዘዘ። የዕቅዱ ጥበብ በሥራ ቅደም ተከተል ነው፤ የቀነ ገደቡ ጥቅም ደግሞ ሥራው እንዳይረሳ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም፤ ቅደም ተከተል የሌለው ቀነ ገደብ ገንዘብን ይበትናል፤ ቀነ ገደብ የሌለው ቅደም ተከተልም ሥራውን ለልጅ ልጅ ያወርሳል።

ለኢትዮጵያ ከተሞችም ከዚህ የሚቀዳ ትምህርት አለ። የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በአዲስ አበባ መካከል የሚያልፉት ትልቁና ትንሹ አቃቂም የከተማውን ሸክም ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የመኖሪያ ቤቱ ፍሳሽ፣ የመንገዱ ጎርፍና የደረቁ ቆሻሻ በየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻ ቢመዘገቡም በወንዙ ውስጥ ግን አንድ ሆነው ይገናኛሉ። ወንዙ የመሥሪያ ቤቶችን ድንበር አያውቅምና፤ ሹሞቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተገናኙ በወንዙ ውስጥ መገናኘታቸው አይቀርም። ደግሞም አሜሪካኖቹ በቀድሞ ዘመን የቀበሩትን አንዱን ቧንቧ ለመለየት ዛሬ የሚያወጡት ወጪ ታላቅ ነው፤ ቧንቧውን ገና የሚቀብር ከተማ ግን ከመጀመሪያው የዝናቡንና የፍሳሹን መንገድ ለይቶ ቢሠራ ከዚያ ዕዳ ይድናል።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። ሕግ አውጪ የወንዙን የንጽሕና ልክ አይቀንስ፤ ፈቃድ ሰጪም ከተማው ያለውን ገንዘብ ሳይመለከት ሁሉን ሥራ በአንድ ቀን አይዘዝ፤ ከተማውም ድኻ ነኝ ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። የሚሠራውን ሁሉ ቈጥሮ፣ ከሁሉ የሚብሰውን አስቀድሞ፣ የሚፈጸምበትን ቀን ጽፎ፣ በየዓመቱ የሠራውንና ያልሠራውን ለሕዝብ ይንገር። የጉድጓዱ አፍ ተከፍቶ ሳለ ጣሪያውን መቀባት ሞኝነት ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል ብሎም ጉድጓዱን ሳይከድኑ መተው በደል ነው። ተራውን ለይቶ፣ ቀኑን ቈርጦ የሚሠራ ከተማ ሀብቱ ጥቂት ቢሆን እንኳ ለታችኛው ጎረቤቱ ንጹሕ ውሃ ያወርዳል።